መግቢያው የት ነው?

ዘንድሮም አበባ እንድናይ ተወሰነ። ማን ወሰነ አትበሉኝ። ቤቴ ውስጥ ውሳኔ የሚሰጥ ኮሚቴ እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ከአባልነት ከተሰናበትኩ ቆይቻለሁ። ልጄ ለእንቁጣጣሽ ልጆቿን ይዛ ከአዲስ አበባ ደሴ ስትመጣ ፕሮግራሙም አብሯት ይመጣል፤ ማን የት እንደሚተኛ፣ ዶሮው ስንት ሰዓት ላይ እንደሚታረድ፣ በየትኛው ቀን ጦሳ ተራራ ላይ ወጥተን አደይ አበባ መሀል ቆመን ፎቶ እንደምንነሳ። እኔ የምጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «አባባ፣ ጉልበትህን ያምሃል?» ያመኛል ብል ኪኒን ይሰጡኛል እንጂ ቤት አይተዉኝም። (እኛ አያቶቻችንን አንቱ እያልን ነው ያደግነው። ይህኛውን ቅሬታ ለሌላ ቀን አቆይቼዋለሁ።)

አበባ ሊያዩ መሄድ የሚባለው ነገር ራሱ አይዋጥልኝም። እኔ ያደግሁት አበባ ቤት ድረስ በሚመጣበት ዘመን ነው። ለእንቁጣጣሽ ሴቶቹ ልጆች አደይና እንግጫ ይዘው፣ አበባየሆሽ እየጨፈሩ በየደጁ ይዞራሉ። ወንዶቹ ደግሞ ወረቀት ላይ ፀሐይና አበባ ስለን እናድላለን። የሰፈሩ ሰው ያለው ሳንቲም፣ የሌለው ድፎ ቆርሶ ይሰጣል። እኔ የሳልኩትን አበባ አንድ ጊዜ አንዲት የጎረቤት እናት አገላብጠው ካዩ በኋላ «ጎመኑስ ደስ ይላል» ብለው አምስት ሳንቲም ሰጥተውኛል። አልተከፋሁም። ያን ጊዜ አምስት ሳንቲም ብዙ ነገር ያስረሳ ነበር።

ዘንድሮ ደጄ የመጡት ልጆች ግን ዘፈኑን እንደ ጀመሩ አቆሙት። ትልቋ ስልኳን አወጣችና «አባባ፣ ቴሌብር አለዎት?» አለችኝ። እሷስ ቢያንስ አንቱ ብላኛለች። ብር የያዝኩበትን እጄን ቀስ ብዬ ወደ ኪሴ መለስኩት። የታቀፈችውን አበባ ጠጋ ብዬ ሳየው ዳር ዳሩ አደይ ነው፤ መሀሉ ላይ አንድ ቀይ የፕላስቲክ ጽጌረዳ ቆሟል። ቅጠሉ ላይ ጤዛ አለው። እሷም ጠብታ ፕላስቲክ ናት፣ በማስቲሽ የተለጠፈች። ክረምቱን ሙሉ ጭጋግና ዝናብ ሲጫወትባት በከረመች ከተማ፣ ጤዛ ከውጭ አገር እናስመጣለን ማለት ነው።

ከበዓሉ ቀጥሎ በመጣው ቅዳሜ በባጃጅ ተነሳን። ጎረቤቴ ሐጂም አብሮን ነበር። ከልጅነታችን ጀምሮ አንተ የምንባባል ሰዎች ነን፤ እሱ ሱቁን ለልጆቹ፣ እኔ ባዮሎጂ ማስተማሩን ለወጣቶቹ ለቅቀን ተቀምጠናል። ባለባጃጁ አስፋልቱ ያለቀበት ቦታ ላይ ሲደርስ «ከዚህ በላይ እናንተ ናችሁ» ብሎ አወረደን። እውነቱን ነው። ከዚያ በላይ ያለው የመስከረም ጭቃ ነው፤ ጫማ ይቀበላል፣ አይመልስም። ትልቋ የልጅ ልጄ የሐበሻ ቀሚስ በነጭ ስኒከር ነበር ያደረገችው። ጫማው ነጭ የነበረ መሆኑን ዛሬ የሚመሰክር ፎቶ ብቻ ነው።

ጦሳን ባሕር ዛፍ ወርሶታል። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የገባ እንግዳ፣ ዛሬ ባለርስት ሆኖ ተራራውን ይዟል፤ ከሥሩ ሣር እንኳ ተሳቆ ነው የሚበቅለው። ከዛፉ ወጥተን ገላጣው ላይ ስንደርስ ግን ቢጫው ተዘረጋ። በገብሱ ዳር፣ በድንበሩ ላይ፣ በድንጋይ ካቡ ስንጥቅ ሳይቀር። ጭጋጉ ለአፍታ ገለል ሲል ከታች የደሴ ቆርቆሮ አብለጨለጨ። እኔም ለዛሬ የማማርርበት ሳላገኝ ልውል ነው ብዬ መስጋት ጀምሬ ነበር። ደግነቱ ትንሹ የልጅ ልጄ ግራ ቀኙን ቃኝቶ ጠየቀኝ።

«አባባ፣ መግቢያው የት ነው?»

«የምኑ መግቢያ?»

«የአበባው።»

«መግቢያ የለውም። የቆምከው ውስጡ ነው።»

«ታዲያ ትኬት የሚቆርጡት የት ጋ ናቸው?»

ሐጂ በሳቅ ፈነዳ። «ንገረው እንጂ መምህር! ትኬቱን እኛ በሐምሌ ዝናብ ቆርጠንለታል በለው።»

በልጁ አልፈርድም። አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ነው፤ እሱ አበባ የሚያውቀው ከአጥር ጀርባ ነው። ከተማዋ ስሟን ከአበባ ያገኘች ናት፤ እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ አጠገብ ሰፍረው ያወጡላት ስም ነው ይባላል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አንድነት፣ ወዳጅነት፣ እንጦጦ እየተባለ መናፈሻ በመናፈሻ ሆናለች፤ ያየ ሁሉ ያማረ ነው ይላል፣ ይሁን። ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልም አለ፤ 700 ሄክታር የሚያህል ቦታ ላይ የአገራችንን ዕፅዋት ሰብስቦ የያዘ። እሱን ቢያሳዩኝ ኖሮ አፌን ዘግቼ በወጣሁ፣ ወይም ቢያንስ ዝቅ ባለ ድምፅ ባጉረመረምኩ። አዲስ አበባ የሄድኩ ጊዜ እኔን የወሰዱኝ ግን ስሟን ወደማልጠራት አንዲት የሰፈር መናፈሻ ነው።

በር ላይ ትኬት ተቆረጠልኝ። የልጄ ካሜራ ደግሞ ለብቻው ተቆረጠለት፤ ያውም ከእኔ በሚበልጥ ዋጋ። ውስጥ ገብቼ ሣሩ ላይ አረፍ ልል ስል ፊሽካ ተነፋ። ተነስቼ የአበባውን መደብ የከበበው ድንጋይ ላይ ብቀመጥ ሌላ ፊሽካ። አግዳሚ ወንበሮቹን ጥንዶች ይዘዋቸዋል፤ ጥንድን ተነሱ የሚል ፊሽካ ገና አልተሠራም። እንግዲህ ከቆምኩ አይቀር ልማር ብዬ ወደ ዘበኛው ጠጋ አልኩና አንዱን ሐምራዊ አበባ እያሳየሁ ስሙን ጠየቅሁት።

«አበባ ነው፣ አባቴ።»

«እሱማ ገብቶኛል። ምን ዓይነት አበባ?»

ትንሽ አሰበ። «የውጭ ነው» አለኝ።

ጦሳ ላይ ፊሽካ የሚነፋ ስለሌለ እኔው ሥራ ጀመርኩ። አንዱን የአደይ ዘንግ ሳልቀጥፍ ጎንበስ አደረግሁና ልጆቹን ጠራኋቸው። ኑ፣ አንድ አበባ የመሰላችሁ ይህ አንድ አይደለም፤ መንደር ነው። ዙሪያውን ያሉት ስምንት ያህል ቢጫ ቅጠሎች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበባዎች ናቸው፤ ሥራቸው ንብን መጥራት ነው። መሀሉ ላይ እንደ ብናኝ የሚታያችሁ ጠቆር ያለው ቢጫ ደግሞ የተደረደሩ ደቃቃ አበባዎች ነው፤ ከዳር ወደ መሀል በተራ ነው የሚከፈቱት፤ ዘር የሚይዙትም እነሱ ናቸው። ሳይንሱ ባይደንስ ማክሮፕተራ ይለዋል። ከኑግና ከሱፍ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ከክረምቱ ዝናብ ጋር በቅሎ፣ ዝናቡ ሊወጣ ሲል ያብባል፤ በጋው ሲጠና ዘሩን አራግፎ ይደርቃል። ዘሩ አፈር ውስጥ አድፍጦ የሚቀጥለውን ዝናብ ይጠብቃል። የሚዘራው የለ፣ የሚያጠጣው የለ፣ በጀት አይያዝለት፣ ሪባን አይቆረጥለት...

ቀና ስል ተማሪ የለም። ልጄ ብቻዋን ስልኳን ደግና ቆማለች። «አባባ፣ ደስ ይላል፤ እንደገና ከመጀመሪያው በለው። ፀሐዩ ከጀርባህ ነበር፣ ፊትህ ጠቁሯል» አለችኝ። በማስተማር በኖርኩበት ዘመን ያልሰማ ተማሪ አይቻለሁ፣ የተኛ ተማሪ አይቻለሁ፤ ትምህርቱን በብርሃን ጉድለት ውድቅ ያደረገብኝ ተማሪ የመጀመሪያዬ ነው።

የልጅ ልጄ እዚያ ማዶ አበባው ላይ ተጋድማለች። እጇን ግንባሯ ላይ ጣል፣ ዓይኗን ወደ ሰማይ። ወንድሟ ከላይ፣ ከታች፣ ከጎን ያነሳታል። ምን እየሆነች ነው ብዬ ስጠይቅ «ተፈጥሯዊ እንዲመስል ነው» አሉኝ። ተራራው እውነተኛ፣ አበባው እውነተኛ፣ ጭቃው እውነተኛ፤ ተፈጥሯዊ ለማስመሰል ግን ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። ስትነሳ የተጋደመችበት ቦታ ላይ ቢጫው ተደፍጥጦ የሰው ቅርጽ ቀርቷል። ከማዶ ከብት የሚጠብቅ ልጅ በሬዎቹን ትቶ እኛን ይጠብቃል። ከሁለቱ መንጋ የትኛው ቡቃያ እንደሚያበላሽ ለይቶ አውቋል መሰለኝ።

በዚህ መሀል አንዲት ንብ መጣች። ከእኛ ቀድማ የነበረች፣ ሥራዋን የምትሠራ ንብ ናት፤ ግን ፎቶው ውስጥ ገባች። ጩኸቱ ከተማ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ልጁ ጃኬቱን አውልቆ ሲያወናጭፍ፣ ቀኑን ሙሉ ሲስቅ የዋለው ሐጂ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣ።

«ተዋት አንተ ልጅ! የእኔ ሠራተኛ ናት።»

ቀልድ አልነበረም። ሐጂ ከተራራው ግርጌ ቀፎዎች አሉት። እኔና ልጆቹ አበባ ስናይ፣ እሱ የሚያየው የኅዳርን ማር ነው። ክረምቱን ተርቦ የከረመ ቀፎ የሚያገግመው በአደይና ቀጥሎ በሚመጣው ኑግ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ኅዳር የሚቆረጠው ማር የዚህ የቢጫው ወራት ሥራ ነው። «እኔ እዚህ የመጣሁት ለማየት አይደለም» አለኝ ቀስ ብሎ፣ ልጆቹ እንዳይሰሙ። «ቁጥጥር ነው። ደግሞ እየው፣ ንቦቼ ትኬት አይቆርጡ፣ ፎቶ አይነሱ፣ ወርደን ቡና እንጠጣ አይሉ።»

እኔ ግን ወርደን ቡና እንጠጣ ብያለሁ። ቤት ስንገባ ሌላ ጉድ ጠበቀኝ። ረከቦቱ ሥር የተጎዘጎዘው ቄጠማ ፕላስቲክ ነው። አረንጓዴ ምንጣፍ፣ ከታች በኩል ዋጋው የተለጠፈበት ወረቀት ሳይነሳ። ልጄ ከአዲስ አበባ ያመጣችው ስጦታ ነው፤ «አይጠወልግም፣ በውሃ ታጥቦ እንደገና ይነጠፋል» ትላለች። ጠረጴዛው ላይ የቆመው ጽጌረዳም የዚያው ወገን ነው። አገራችን ጽጌረዳ ለውጭ ገበያ በማቅረብ ከአፍሪካ ኬንያን ብቻ ነው የምታስቀድመው፤ ዝዋይ ዳር፣ ሆለታ ላይ የተቆረጠው በአውሮፕላን ተጭኖ ሆላንድ ይገባል። የፈረንጅ ሴት የእኛን ጽጌረዳ ታሸታለች፤ የእኔ ባለቤት ፕላስቲኩን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። ሐጂ የአቦል ስኒውን ይዞ ምንጣፉን በጣቱ ነካ ነካ አደረገውና «ሣሩ የውሸት ነው፤ ዱዓው እንኳ የእውነት ይሁን» ብሎ እጁን ዘረጋ። ሁላችንም አሜን አልን። ዕጣኑ እውነተኛ ነበር፤ ያ ትንሽ አጽናንቶኛል።

አንድ የአበባ ጉብኝት ለአንድ ዓመት በቂ ነው ብዬ ነበር። በማግስቱ «ቆላውንም እንይ» ተባለ፤ ኮምቦልቻ ወረድን። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ነገር ግን በሐረጎ ጠመዝማዛ ሲወርዱት ከ2,500 ሜትር ገደማ ተነስቶ 1,850 ሜትር አካባቢ ያደርሳል። ካፖርት ለብሶ የተነሳ በሸሚዝ ይደርሳል። እኔ ካፖርቴን አላወልቅም፤ አወልቄው የት እንደሚያስቀምጡት አይታወቅም። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቁ፣ የቢራው፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተማ ናት፤ ባቡር ሲጠብቅ የከረመ የባቡር ሐዲድም አላት። በየአጥሩ ላይ ቦገንቪል ተንዠርጓል፤ ይህን ልጆቹ ዞር ብለውም አላዩት። «ይሄ አዲስ አበባም አለ» አሉ።

ከከተማው ወጣ እንዳልን ግን ልጅቱ «አቁም! አቁም!» ብላ መኪናውን አስቆመች። ከመንገዱ ዳር ጀምሮ እስከ ማሳው ድረስ ሜዳው ነጭ ሆኗል። ወገብ የሚደርስ አረንጓዴ ተክል፣ ጫፉ ላይ የተበተነ ጥቃቅን ነጭ አበባ፤ ሰርገኛ እንዲቀመጥበት የተዘጋጀ ይመስላል። «ዋው፣ አባባ፣ እንዴት ያምራል!» ብላ ዘልላ ገባች። ቅርንጫፍ ቀጥፋ ጆሮዋ ላይ ሰካች። እኔ ከመኪናው ስወርድ ጉልበቴም ካፖርቴም ተረሱኝ።

«ውጪ! ውጪ ከዚያ! ቅንጭ አረም ነው!»

ቅንጭ አረም ሳይንሱ ፓርቴኒየም የሚለው ነው። የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና አካባቢዋ። ወደኛ እንዴት እንደ ገባ ሲወራ ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሳው የ1977ቱ ድርቅና የዚያን ዘመን የእርዳታ እህል ነው፤ ስንዴው ሲራገፍ አብሮ የተራገፈ እንግዳ ነው ይባላል። ወሎ ያን ጊዜ የተራበው ርሀብ ሳያንሰው፣ ምጽዋቱ ውስጥ አረም ተቀላቅሎ ደረሰው ማለት ነው። አንድ እግር ብቻውን 15,000 እና ከዚያም በላይ ዘር ይበትናል። ቅጠሉና ሥሩ በሚያወጣው ኬሚካል ሌላውን ቡቃያ ያቀጭጫል። የቃሉ ወረዳ ገበሬ ማሽላውንና ጤፉን ከእሱ ሲያስጥል ነው የሚከርመው፤ በባዶ እጁ ሲነቅለው ቆዳው ያሳክከዋል፣ አንዳንዱን ትንፋሽ ያሳጥረዋል። ላም ከበላችው ወተቷ ይመራል። ቅጠሉን የሚጨርስ ጥንዚዛ ከዚያው ከሜክሲኮ ተወስዶ ሕንድ ውስጥ ተለቅቆበታል፤ በእኛም አገር ተሞክሯል። እኔ ከጥንዚዛው ጋር ነኝ።

ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳት። በጥሞና አዳመጠችኝ፤ ያም ራሱ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። ስጨርስ ጆሮዋ ላይ የሰካችውን አውጥታ ጣለችና «ግን አባባ፣ ነጩ ከቀሚሴ ጋር ይሄዳል» አለች። ፎቶው ቲክቶክ ላይ ወጣ። ጦሳ ላይ ተጋድማ የተነሳችውን ማንም ዞር ብሎ ሳያያት፣ የቅንጭ አረሟ በላይክ ተጥለቀለቀች። አሜሪካ ያለች ዘመዳችን «የአገሬ አበባ ናፈቀኝ» ብላ ከሥሩ ጻፈች፤ ሦስት ልብ ጨምራ። ልጻፍላት ብዬ ስልክ ብጠይቅ የሰጠኝ የለም።

ያንኑ ቀን ማታ ቀሚሱ ላይ የተጣበቀ የሰይጣን መርፌ ስንለቅም አመሸን። ይህም ደግሞ የአደይ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ባይደንስ የሚለውን ስም ይጋራሉ። አንዱ የበዓል ልብስ ያደምቃል፣ ሌላው የበዓል ልብስ ያበላሻል። ከየቤቱ እንዲህ ያለ አንድ አይጠፋም፤ ዝርዝር ውስጥ አልገባም።

የከተማችን አበባም አልቀረልኝ። በኮሪደር ልማቱ አስፋልቱ መሀልና የእግረኛው ዳር አበባ ተተክሏል። ሥራውን አልጠላሁትም፤ እግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ ማታ መብራት አለ፣ ለጉልበቴም ደግ ነው። ቅር የሚለኝ ውሃው ነው። የእኛ ቤት ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ፈረቃው የማን እንደሆነ ግን እስካሁን አልተገለጸልንም። የአበባው ውሃ በቦቴ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል። ባለቤቴ አንድ ቀን ቦቴው ሲያጠጣ አይታ «ጄሪካኔን ይዤ እዚያ መሀል ብቆም እኔንም ያጠጡኝ ይሆን?» አለችኝ። ቁም ነገሯን ነው።

ለመስቀል ሰሞን ደግሞ አንድ ጎረምሳ የገዛውን በግ በገመድ እየሳበ፣ በሌላ እጁ ስልክ እያወራ በዚያ ያልፋል። ወሬው ጥሞት ቆም አለ። በጉም ቆም አለ፤ እሱ ግን ሥራ አልፈታም፣ ከተተከለው አበባ ሁለት ጉርሻ ወሰደ። ጠባቂው ሮጦ መጣ። «አበባው የመንግሥት ነው፣ ትከፍላለህ!» ልጁ «የበላሁት እኔ አይደለሁም» ይላል። ሰው ተሰበሰበ። በደሴ ሰው ከተሰበሰበ ችሎት ነው። አንዱ ከበጉ ዋጋ ላይ ይቀነስ አለ፣ ሌላው ሆዱ ሲቀደድ አበባው ይመለስ አለ። በመጨረሻ አንዲት ሽንኩርት የተሸከሙ እናት ሳይቆሙ እያለፉ «ነገ ይታረዳል፤ ከዚህ በላይ ምን ልትቀጡት ነው?» አሉ። ጠባቂውም ሳቀ፣ ሰዉም ተበተነ። በጉ ግን ሦስተኛ ጉርሻውን ያኔ ነው የወሰደው።

ለደመራ የሚሆን አደይ ፍለጋ ገበያ ወጣሁ። ከገጠር የመጣች ልጅ እቅፍ እቅፉን በሣር አስራ ደርድራለች። ዋጋውን ስትነግረኝ የበግ ዋጋ የነገረችኝ መስሎኝ ዙሪያዋን በግ ፈለግሁ። «ልጄ፣ ይህ እኮ ማንም ያልዘራው አበባ ነው» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ካፖርቴን አየች፣ ከዘራዬን አየች። «እውነትዎን ነው አባቴ፤ ጦሳ ላይ በነፃ ሞልቷል። ወጥተው ይልቀሙ» አለችኝ። ከፈልኩ። ያቺ ልጅ ትማር እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ነገረ ፈጅ ይወጣታል።

አበባ ማየት ለሚፈልግ ሰው አገራችን ውስጥ መንገዱ ጠፍቶ አያውቅም። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም የሚሄደው ሰው ከየአገሩ መጥቶ በደሴ በኩል ወደ አምባሰል ሲያልፍ፣ በአውቶብስም በእግሩም ግራ ቀኙ አደይ ነው፤ ጉብኝት ብሎ ግን የጠራው የለም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ደግሞ ዘመነ ጽጌ ነው። እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደችበት እየታሰበ፣ የአባ ጽጌ ድንግል ማኅሌተ ጽጌ ለእሑድ አጥቢያ ሌሊቱን ሙሉ ይቆማል። የደሴ ሌሊት በጥቅምት ምን እንደሚመስል የቆመበት ያውቀዋል። መቋሚያ ተደግፎ እስኪነጋ አበባ ሲያመሰግን ለሚያድር ሰው፣ አሥር ደቂቃ ቆሞ «በቃ አየነው፣ እንሂድ» የሚል ትውልድ ምኑ ነው? ልጆቹን እንውሰዳቸው ብዬ ነበር። «ላይቭ ይተላለፋል?» አሉኝ።

ልጆቹ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ቤቱ ጸጥ አለ፤ ፕላስቲኩ ቄጠማ ብቻ ቀረ፣ ባለቤቴ አጥባ ፀሐይ ላይ አሰጥታዋለች። በኅዳር ሐጂ ማሩን ቆረጠ ሲባል ሰማሁና ሄድኩ። ሰፌድ ላይ አንድ ቁራጭ ከነሰፈፉ አቀረበልኝ። ቢጫ ነው፣ ቶሎ ይረጋል፤ አፍ ላይ ሲሟሟ ጉሮሮ ጋ ትንሽ ከረር ይላል። እውነት ለመናገር ነቀፌታ ፈልጌ አጣሁበት። ከሰፈፉ ላይ የቀረች አንዲት የሞተች ንብ ነበረች፤ እሷን እንኳ ብጠቅስ ሐጂ ሠራተኛዬ ናት እንደሚል ስለማውቅ በጣቴ ገለል አደረግኋት።

«አንድ ኪሎ ስንት ነው?» አልኩት።

ነገረኝ።

«ለጎረቤትም?»

«ለጎረቤትም።»

«ሐጂ፣ እስቲ ፈጣሪን ፍራ። አበባው እኮ የሁላችን ነው። አብረን ነው ያየነው። ያንን ሁሉ ጭቃ ወጥቼ፣ ጫማዬን አበላሽቼ፣ የልጅ ልጄ ንብህን እንዳይገድልብህ ጃኬቱን የያዝኩልህ እኔ ነኝ!»

«ጃኬቱን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለ ሐጂ። «አንተ ስለ ቅጠል እያስተማርክ ነበር። አበባው የሁላችን ነው፣ አልካድኩም። ንቦቹ ግን የእኔ ናቸው።» እጁን ታጠበ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። «ስትመጣ ደግሞ ጠርሙስ ይዘህ ና። ጠርሙሱ በዋጋው ውስጥ የለም።»